ጓሳን ማን ጠበቀው?

ዛሬ የምናነበው የአንድ ተራራ ታሪክ ነው። በቀየትም ሆነ በግሼ ጓሳ ሲባል የማያውቅ ሰው የለም። ጓሳ በመንዝ ጌራ ምድር፣ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው የውርጭ አገር ነው። ከላዩ የሚወርደው ውሃ ከፊሉ ወደ ዓባይ፣ ከፊሉ ወደ አዋሽ ይሄዳል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳም ይኖሩበታል።

ታዲያ ሌላው ደጋ ሲራቆት ጓሳ ሣሩን ይዞ እንዴት ቆየ? ምክንያቱ ቀሮ የሚባለው የአባቶች ሥርዓት ነው። እንደሚነገረው፣ በፈረንጆች 17ኛው መቶ ዘመን አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አባቶች ቦታውን ተካፈሉት። ልጆቻቸውም በአጽመ ርስት ወረሱት። ሁለቱም ወገን አፈሮ የሚባል አለቃ እየመረጠ ያስጠብቅ ነበር። ሣሩ ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጋል። ድርቅ ሲጠና፣ ከብት ሲከሳ ይከፈታል። ያን ጊዜ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ የሚሆነው ይታጨዳል። ተዘግቶ ሳለ ገብቶ የተገኘ ብርቱ ቅጣት ይቀበላል። በየተራ መጠበቅም የሁሉም አባወራ ግዴታ ነበር።

ይሁንና አንድ ነገር አንርሳ። የአስቦና የጌራ ዘር ያልሆነ ጎረቤት ሣሩን ከሩቅ ያያል እንጂ አያጭድም ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። አጽመ ርስት ቀረ፤ ከርስቱ ጋር ቀሮም ፈረሰ። ተከልክሎ የኖረው ሰው መብቱን አገኘ፤ ይህ ትክክል ነበር። ግን ሁሉም ባለቤት ሲሆን ጠባቂ ታጣ። ያለ ወቅቱ ታጨደ፤ ከብት ያለ ልክ ተሰማራ፤ ጨረንፌው ለማገዶ ተነቀለ።

አገሬው ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከየቀበሌው ተወካይ መርጦ የጓሳ ኮሚቴን አቋቋመ፤ መዝጋትና መክፈት እንደገና ተጀመረ። በኋላም የአማራ ክልል መንግሥት ቦታውን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ብሎ በሕግ አወቀው።

እንግዲህ አንባቢዎች፣ ከዚህ ምን እንማራለን? ቀሮ መጠበቅን ያውቅ ነበር፤ ማካፈልን ግን አያውቅም። አዋጁ አካፈለ፤ ጠባቂ ግን አላቆመም። ሣሩ ለልጅ ልጅ የሚተርፈው ሁለቱ ሲገናኙ ነው። በየሰፈራችሁ እንዲህ ያለ የጋራ መሬት ካለ ሽማግሌዎቹን ጠይቁ፤ የነገሯችሁንም በደብተራችሁ ጻፉት።