የአል ሃዳ ዝንጀሮዎችና የተፈጥሮ ጉዞ

በሸረፊያና በሌሎች የጅዳ ሰፈሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በዕረፍት ቀናቸው ቀዝቀዝ ያለ አየር ፍለጋ ወደ ጣኢፍ ሲወጡ፣ በአል ሃዳ ጠመዝማዛ ዳገት ላይ የሚቀበሏቸው ዝንጀሮዎች ናቸው። በመንገዱ አጥር ላይ ተደርድረው የሚያልፈውን መኪና ይመለከታሉ፤ መኪና ሲቆም ደግሞ ይጠጋሉ። ብዙ ተጓዥ የማያስተውለው ነገር ቢኖር እነዚህ እንስሳት ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አለመሆናቸው ነው። የአል ሃዳው ዝንጀሮ በአዋሽ ሸለቆ፣ በድሬዳዋ ዙሪያና በአፋር ገደላገደሎች ከሚኖረው ሃማድርያስ ዝንጀሮ ጋር አንድ ዝርያ ነው። በሰሜን ተራሮች ሣር ከሚግጠው ጭላዳ ግን ይለያል፤ ጭላዳ ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር አይገኝም።

ሃማድርያስ ዝንጀሮ በዓለም ላይ የሚኖረው በአፍሪካ ቀንድና በዐረብ ባሕረ ገብ ምድር ደቡብ ምዕራብ ክፍል ብቻ ነው። ባሕሩን እንዴት እንደተሻገረ ሲያከራክር ቆይቷል። በጥንት ዘመን ሰዎች በመርከብ አምጥተውታል የሚል ግምት ነበረ፤ የዘረ መል ጥናቶች ግን የሁለቱ ወገኖች መለያየት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ወደ ኋላ እንደሚሄድ አመልክተዋል። ይህ ከማንኛውም የንግድ መርከብ ይቀድማል።

የዚህን ዝንጀሮ ኑሮ ለዓለም ያስተዋወቀው ጥናት የተካሄደውም በኢትዮጵያ ነው። የስዊዘርላንዱ ተመራማሪ ሃንስ ኩመር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከድሬዳዋ በስተምዕራብ በምትገኘው ኤረር ጎታ መንጋዎቹን ከንጋት እስከ ምሽት ተከታትሏል። በ1980ዎቹ ደግሞ ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመራማሪዎች ጋር የዐረብ ምድሩን ወገን አጥንቶ ከኢትዮጵያው ጋር አነጻጽሯል። በኢትዮጵያ ያየው ማኅበር እንደ ሰው ቤተ ዘመድ የተደራረበ ነበር። አንድ ወንድና ጥቂት ሴቶች ከልጆቻቸው ጋር ቤተሰብ ይሆናሉ፤ ቤተሰቦች ጎሳ፣ ጎሳዎች ጭፍራ ይመሠርታሉ፤ ማታ ማታ ደግሞ ጭፍሮች በአንድ ገደል ላይ ለማደር ይሰባሰባሉ።

ይህን በዓይን ለማየት መኪና አቁሞ ሙዝ መወርወር አያስፈልግም፤ ርቆ፣ ዝም ብሎና ታግሦ መቆም ይበቃል። የተፈጥሮ ጉዞ የሚባለው ልማድም ከዚህ የተለየ አይደለም። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ንግግሮችንና የመስክ ጉዞዎችን ሲያዘጋጅ የኖረ ሲሆን፣ «ዋልያ» የተሰኘ መጽሔትም አሳትሟል። በእንዲህ ያለ ጉዞ ላይ የመሪው ሥራ ስም መዘርዘር ብቻ አይደለም፤ ከሁሉ በፊት ተጓዡን ማስቆምና ማስተዋልን ማስለመድ ነው።

በአል ሃዳ የሚታየው ብዙ ነው። ብርማ ጎፈር ያለው ግዙፉ ወንድ ነው፤ ቡናማዎቹና በመጠን ግማሹን የሚያህሉት ሴቶቹ ናቸው፤ አዲስ የተወለደው ጥቁር ጠጉርና ቀላ ያለ ፊት አለው። ሴቲቱ ከቤተሰቡ ስትርቅ ወንዱ ትኩር ብሎ ያያታል፤ ካልተመለሰችም አንገቷን ይነክሳል። ወንዱ አፉን ከፍቶ ሲያዛጋ ብዙ ሰው እንቅልፍ የመጣበት ይመስለዋል፤ ነገር ግን ረጃጅም ክራንቻዎቹን እያሳየ የሚያስጠነቅቅበት ጊዜ ይበዛል።

ምግብ መስጠት ብዙውን ጊዜ ከክፋት የሚመጣ አይደለም። በመካ ሐረም ርግቦችን መመገብ የቆየ ልማድ ነው፤ በሐረሙ ወሰን ውስጥ አደን የተከለከለ ስለሆነ ወፎቹ ሰውን ሳይፈሩ ይኖራሉ። ለእንስሳ መራራትን እንደ ሰደቃ የሚቆጥር ሰው ለዝንጀሮውም ዳቦ ቢዘረጋለት አያስገርምም። ሆኖም ውጤቱ የተለየ ነው። በሣር ሥር፣ በግራር ፍሬና በበለስ ይኖር የነበረው ዝንጀሮ ፍርፋሪ ሲለምድ ቀኑን በመንገድ ዳር ያሳልፋል፤ በመኪና ይገጫል፣ ከልጆች እጅ ይነጥቃል፣ ወደ እርሻና ወደ ቤት ይወርዳል። በመጨረሻ የሰውን ምሬት የሚያስተናግደው እሱ ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የተቋቋመው የሳዑዲ ዓረቢያ ብሔራዊ የዱር እንስሳት ማዕከል ሕዝቡ ዝንጀሮዎችን እንዳይመግብ ደጋግሞ አሳስቧል፤ ድርጊቱም ቅጣት ያስከትላል።

ስለዚህ ወደ አል ሃዳ የሚወጣ ሰው ዝንጀሮ ባለበት የመኪና መስኮት ይዝጋ፤ ምግብ በእጁ ይዞ አይውረድ፤ ልጆችን ከግልገሎቹ አጠገብ ለፎቶግራፍ አያቁም። ዝንጀሮው የያዘውን ዕቃ ቢነጥቀው አይታገል፤ ዓይን ለዓይን መግጠምን እንስሳው እንደ ዛቻ ይወስደዋል። የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ሰው ቁስሉን ለ15 ደቂቃ ያህል በሳሙናና በሚፈስ ውኃ አጥቦ ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ቦታ መሄድ ይኖርበታል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሚያስፈልገው መሆን አለመሆኑን የሚወስነው ሐኪም ነው። መካን ሳያቋርጡ የሚጓዙ ሙስሊም ያልሆኑ ሰዎች ከከተማይቱ ውጭ የሚያልፈውን መንገድ ይጠቀማሉ።

ከተራራው መድረስ ለማይችል ሰው ጅዳ ራሷ አትነፍግም። በየሰፈሩ የሚጮኸው ግራጫ አንገት ያለው ቁራ ከህንድ ክፍለ አህጉር በመርከብ የመጣ እንግዳ ነው። ከተራራው በኩል ደግሞ በመከር ወራት ከሰሜን የሚመጡ ንስሮችና ሌሎች አዳኝ አሞራዎች የሠራዋትን ሰንሰለት ተከትለው ወደ ደቡብ ይጓዛሉ። በባብ ኤል መንደብ ጠባብ ባሕር ላይ አልፈው ወደ ጅቡቲና ወደ ኢትዮጵያ ይገባሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 መከር በጅቡቲ ዳርቻ በተደረገ ቆጠራ ከ240 ሺህ በላይ አዳኝ አሞራዎች ሲሻገሩ ታይተዋል።