ራቱን ማን ሠራው?

ዛሬ ስለ ኢኮኖሚክስ ታሪክ ትንሽ እናውጋ። አይክበዳችሁ፣ ነገሩ የእናቶቻችን ጉዳይ ነው።

ስኮትላንዳዊው አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 «የአገሮች ሀብት» የተባለውን መጽሐፍ አሳተመ። ራታችንን የምናገኘው ሥጋ ሻጩና ዳቦ ጋጋሪው ስለሚያዝኑልን ሳይሆን የራሳቸውን ጥቅም ስለሚፈልጉ ነው አለ። ከእሱ በኋላ የመጡ ሊቃውንት ደግሞ «ኢኮኖሚያዊ ሰው» የሚሉትን ፈጠሩ፤ ብቻውን የቆመ፣ ሁሉን በስሌት የሚወስን፣ የማንም እጅ የማያስፈልገው ሰው።

ስሚዝ ራሱስ እንዲህ ነበር እንዴ? አባቱ የሞቱት እሱ ሳይወለድ ነው። ሚስትም አላገባም። አብዛኛውን ዕድሜውን የኖረው ከእናቱ ከማርጋሬት ዳግላስ ጋር ነው፤ በ1784 እስኪሞቱ ድረስ። እሺ፣ ሥጋ ሻጩ ለጥቅሙ ሸጠ እንበል። ማን ቀቀለው ታዲያ? ስዊድናዊቷ ካትሪን ማርሳል በ2012 ባወጣችው መጽሐፍ የጠየቀችው ይህንኑ ነው።

ጥያቄው ቀልድ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት በ1953 የአገሮችን ምርት መቁጠሪያ ሥርዓት ሲያወጣ፣ ሴቶች ቤት ውስጥ ያለ ደመወዝ የሚሠሩት ሥራ ከሒሳብ ውጭ ቀረ። በ1975 ገና በ23 ዓመቷ የኒውዚላንድ ፓርላማ የገባችው ማሪሊን ዌሪንግ፣ የመንግሥት ወጪ ኮሚቴን ስትመራ ይህን በቅርብ አየች። በ1988 ባሳተመችው መጽሐፍም ከንጋት እስከ ማታ ውሃ የምትቀዳ፣ እንጨት የምትለቅም፣ ልጅ የምታሳድግ ሴት እንዴት «ሥራ የላትም» ትባላለች ብላ ሞገተች።

በ1993 ደግሞ ማሪያን ፈርበርና ጁሊ ኔልሰን ያዘጋጁት የጽሑፎች ስብስብ ወደ ሥሩ ወረደ። ማንም ሰው አዋቂ ሆኖ፣ አስልቶ አይወለድም፤ ያጠባው፣ ያሳደገው አለ። ይህን የረሳ ትምህርት ምክንያታዊነትን ለወንድ፣ እንክብካቤን ለሴት ከፍሎ፣ የሴቷን ድርሻ ከዕውቀት ውጭ አደረገው ሲሉ ተቹ።

በዚያው ዓመት የመቁጠሪያው ሥርዓት ሲሻሻል ውሃ መቅዳትና እንጨት መልቀም በምርት ውስጥ ገቡ። ለቤተሰብ ምግብ ማብሰልና ልጅ ማሳደግ ግን አሁንም ከዋናው ሒሳብ ውጭ ናቸው።

እናቶቻችን በጎንደር መንደሮች ሸክላ ሠርተው ገበያ ያወጡ ነበር። በዚህ ሒሳብ ከሄድን የተሸጠው ድስት ይቆጠራል፤ በዚያው ድስት ለልጆች የተሠራው ወጥ ግን አይቆጠርም። እና ወገኖች፣ ልጆቻችን «አያቴ ምን ትሠራ ነበር?» ብለው ሲጠይቁን «ምንም፣ ቤት ነበረች» አንበላቸው።