ከጉር አምባ እስከ ካዛንችስ፦ የበጌምድር አዝማሪና የግጥሙ ዕዳ

በኅዳር 1845 ዓ.ም. ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን፣ ጉር አምባ ላይ ሁለት ጦር ተፋጠጠ። በአንድ ወገን የጎጃሙና የዳሞቱ ገዥ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ፣ ደብረ ታቦር ተቀምጠው አገሩን ለሚያዙት ለራስ አሊ ተሰልፈዋል። በሌላው ወገን ከቋራ የተነሣው ካሣ ኃይሉ አለ። ከጥይቱ በፊት ግጥም ተተኮሰ። የጎሹ አዝማሪ ጣቢቡ ማሲንቆውን ገዝግዞ፣ ካሣን እብድ ነው፣ ያንዣብባል እንጂ አይዋጋም ብሎ ሠራዊቱ እየሰማ አዋረደው።

ጎሹ በዚያው ቀን ወደቁ። ጣቢቡም ተማርኮ ካሣ ፊት ቀረበ። «እስቲ ያንን ግጥምህን ድገመው» ተባለ። ሲተረክ እንደኖረው፣ አዝማሪው የድሮውን በመድገም ፈንታ እዚያው አዲስ ገጠመ፤ ምላሱን ረግሞ፣ ቀባጣሪ አዝማሪ ሽመል እንደሚገባው ተናገረ። ቤት መትቶ፣ ዜማውን ጠብቆ በራሱ ላይ ፈረደ። ምናልባት ምሕረት ያስገኝልኛል ብሎ ይሆናል፤ ካሣ ግን ፍርዱን እንዳለ ተቀብሎ አስፈጸመው። ጣቢቡ በሽመል ተደብድቦ ሞተ። ካሣ ከሁለት ዓመት ጥቂት በኋላ ደረስጌ ማርያም ላይ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ።

ይህ ታሪክ አንዳንዴ የቴዎድሮስን ቁጣ፣ አንዳንዴ የአዝማሪን ብልሃት ለማሳየት ይነገራል። ከሁለቱም የሚበልጥ ነገር ግን በውስጡ አለ። ያን ቀን ጉር አምባ ላይ ስለ ሥልጣን በአደባባይ የተናገረው ሰው ርስትም ማዕረግም የሌለው ዘፋኝ ነበር። ጎሹ በጦር ሜዳ በክብር ሲሞቱ፣ ለተናገረው ቃል በዱላ የሞተው እሱ ነው። የበጌምድር አዝማሪ ከዚያም ወዲህ ለረጅም ዘመን በዚሁ ሚዛን ኖሯል፦ ጌታው በግጥሙ ይከበራል፣ ዘፋኙ በግጥሙ ይቀጣል።

ደብረ ታቦር ለዚህ ሙያ የተመቸ ቦታ ነበረች። ከተማዋን በ19ኛው መቶ ዘመን መባቻ ዋና መቀመጫቸው ያደረጓት የየጁው ራስ ጉግሣ ናቸው። ጎንደር ላይ ንጉሥ በስም ተቀምጦ ሳለ፣ እውነተኛው ሹመትና ሽረት ከጉና ተራራ ግርጌ፣ ከዚህ ደጋ ላይ ይወጣ ነበር። የጦር አለቃው ሁሉ በየጊዜው ደጅ ሊጠና ይመጣል፤ የመጣውም አዝማሪውን ያስከትላል። ግብር ሲበላ ማን ከማን በላይ እንደተቀመጠ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ አዳራሹ የሚሰማው በማሲንቆ ነው።

በዘመነ መሳፍንት ደግሞ ነገር ቶሎ ይገለባበጥ ነበር። በ1834 ዓ.ም. የስሜኑና የትግሬው ደጃዝማች ውቤ እዚሁ ደብረ ታቦር ላይ ራስ አሊን ገጥመው አሸነፉ፤ አሊም ሸሹ። ውቤ የድሉን ግብር ሲበሉ ግን የአሊ ወገን የሆነው ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሶ ያዛቸው። አሸናፊው እስረኛ፣ ሸሺው ባለ ድል ሆነ። እንዲህ ባለ ቀን የአዝማሪ ኑሮ ምን ያህል ጭንቅ እንደነበር መገመት አያዳግትም፤ በጧት ያወደሰው ጌታ ማታ በሰንሰለት ሊያድር ይችላል።

ይህን ኑሮ የሚያስችለው የሙያው አሠራር ነው። ማሲንቆ ከላይ ሲያዩት ቀላል ነገር ነው፦ አራት ማዕዘን የሆነ የእንጨት ሳጥን ማዕዘኑ ወደ ታች ሆኖ ቆዳ ይወጠርበታል፣ እንጨት ይተከልበታል፣ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር ይዘረጋበታል። ደጋኑም የፈረስ ጭራ ነው፤ እንዳያንሸራትት ሙጫ ይታሻል። በዚህች አንዲት ክር ላይ አዝማሪው ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን ይጫወታል። ከድምፁ ጋር እያዋደደም ለማሰቢያ ጊዜ ይገዛበታል። ሰው ሳያውቅበት ክሩን ሁለት ሦስት ጊዜ ገዝግዞ የሚመለሰው፣ ቀጣዩን ስንኝ በሆዱ እያበጀ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው «ተቀበል!» የሚባለው ነገር ነው። በጠላ ቤትም ሆነ በሠርግ ድንኳን፣ አንዱ እንግዳ እጁን አንሥቶ «ተቀበል!» ይላል፤ አዝማሪው «እሺ ጌታዬ» ብሎ ጆሮውን ይሰጣል። እንግዳው አንድ ስንኝ ይናገራል። አዝማሪው ያንኑ በዜማ ያወጣዋል። ሁለተኛው ስንኝ ይመጣል፤ ቤቱ ይመታል፤ ታዳሚው ይስቃል ወይም ዝም ይላል። የተባለው ነገር አገረ ገዥውን የሚነካ ከሆነስ ተናጋሪው ማን ነው? እንግዳው «አዝማሪው ነው የዘፈነው» ይላል፤ አዝማሪው «ተቀበል ተብዬ ነው» ይላል። ቃሉ በሁለት ሰው መካከል ባለቤት አጥቶ ይቀራል። ተራው ሰው በአደባባይ ሊለው የማይደፍረውን ሁሉ የሚለው በዚህች ክፍተት ነበር።

በዚህ ላይ ሰምና ወርቅ አለ። አንድ አዝማሪ «የጌታዬ ግብር ሰፊ ነው» ብሎ ቢዘፍን፣ በአዳራሹ ላሉት መኳንንት የድግሱን ብዛት አመሰገነ፤ በበር አጠገብ ለቆመው ገበሬ ግን ከጎተራው ስለሚወጣው ግብር ነገረው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ያጨበጭባሉ። ገበሬው ይህን ጥበብ የሚማረው ከልጅነቱ ነው። ከከተማዋ ጋር ስሙ አንድ በሆነው በደብረ ታቦር በዓል፣ በየዓመቱ ነሐሴ 13፣ ሆያ ሆዬ የሚጨፍሩት ልጆች ለጋሱን ሲያወድሱና ንፉጉን ሲወርፉ ይውላሉ። ጥንት ነገሥታቱ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር የሚባለውም በከንቱ አይደለም። የአገሩን ሆድ ለማወቅ ሜዳ ላይ የሚዘፈነውን መስማት ይበቃል።

ታዲያ ይህን ሁሉ የሚሠራው ሰው ክብር አልነበረውም። «አዝማሪ» ማለት በብዙ ሰው አፍ ስድብ ነበር፣ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። ባለ ርስቱ ልጁን ለአዝማሪ አይድርም፤ አዝማሪዎቹም እርስ በርሳቸው እየተጋቡ፣ ሙያውን ከአባት ወደ ልጅ እያወረሱ ኖሩ። ሌላው እንዳይሰማቸውም የራሳቸው የምሥጢር ቋንቋ ነበራቸው፤ የሴማዊ ቋንቋዎች ሊቅ ቮልፍ ሌስላው በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ መዝግቦታል። እንደ ጋሻና ጦር ሁሉ ጦርነት ሲመጣ ይፈለጋሉ፣ ሰላም ሲሆን ከደጅ ይቀመጣሉ። ይህ የአገሩ በደል ነው፤ ለስላሳ ስም ሊሰጠው አይገባም።

የቴዎድሮስ የመጨረሻ ዓመታት ያለፉት በዚሁ በደብረ ታቦር ደጋ ነው። ከከተማዋ አጠገብ ባለችው ጋፋት አውሮፓውያን ሚስዮናውያንና የአገር ባለሙያዎች ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ሠሩ፤ ክብደቱ ወደ 7 ቶን ነበር። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፉን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ ለመንኮራኩር መንገድ እያስጠረጉ ወደ መቅደላ ተጓዙ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ገደሉ።

የበጌምድር ሰው ስለ እኚህ ንጉሥ በሁለት አፍ ዘፍኗል። ጎተራው የተዘረፈበትና ቤቱ የተቃጠለበት በምሬት ገጠመ። ሞታቸው ሲሰማ ደግሞ እጅ ላለመስጠታቸው የተዘፈነው ሙሾና ፉከራ ከምሬቱ ይልቅ ረጅም ዕድሜ አገኘ። ብዙው የማን እንደሆነ አይታወቅም። ዜና መዋዕላቸውን የጻፉትን ደብተራ ዘነብንና አለቃ ወልደ ማርያምን በስም እናውቃቸዋለን፤ ሕዝቡ በቃሉ የያዘውን ታሪክ የገጠሙት ግን ስም አልባ ቀሩ።

በ1922 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ሌላ ዓይነት የፖለቲካ ቃል መጣባት። የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ፣ የንግሥት ዘውዲቱ የቀድሞ ባል፣ በንጉሥ ተፈሪ መንግሥት ላይ ጦር አነሡ። መጋቢት 22 ቀን አንቺም ላይ ውጊያው ሲገጠም አውሮፕላን ከላይ ቦምብ ጣለ። ከቦምቡ በፊት የበተነው ግን ወረቀት ነበር፤ ራስ ጉግሣን የተከተለ ሁሉ ውጉዝ ይሁን የሚል። ጉግሣ በዚያው ሞቱ። ሠራዊትን በቃል ማሸበር በጉር አምባ የአዝማሪ ሥራ ነበር፤ ከ77 ዓመት በኋላ ማተሚያ ቤትና ሞተር ተረከቡት።

ሆኖም አዝማሪ ገና አላለቀለትም፤ ይህንንም ከማንም በላይ የተረዳው ጠላት ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በጣሊያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ ፋሺስቱ አዲስ አበባን በደም አጠበ። በቀጠለው ወር ግራዚያኒ ለሮም ባስተላለፈው መልእክት ዘፋኞች፣ ጠንቋዮችና ትንቢት ተናጋሪዎች እየተያዙ እንዲረሸኑ ማዘዙን አስታወቀ። ምክንያቱ የጣሊያን አገዛዝ ይወድቃል እያሉ በየገበያው ሕዝቡን ያነሣሣሉ የሚል ነበር። መድፍና የመርዝ ጋዝ የያዘ መንግሥት አንድ ክር ያላትን ማሲንቆ እንደ መሣሪያ ቆጠራት። ከመሳፍንቱም ሆነ ከነገሥታቱ ዘመን ይልቅ አዝማሪ በጅምላ፣ በሙያው ብቻ የተገደለው ያኔ ነው። ለሰማዕታቱ ሐውልት ቆሟል፤ በማሲንቋቸው ምክንያት የተረሸኑትን ዘፋኞች በስም የሚጠራ ግን የለም። የበጌምድር አርበኛ ሽለላና ቀረርቶውን ይዞ በጫካ ቆየ፤ በደብረ ታቦር የነበረው የጣሊያን ጦርም በሰኔ 1933 ዓ.ም. መጨረሻ እጁን ሰጠ።

እዚህ ላይ የሌላ አገር ወንድሞቹን ማየት ይጠቅማል። በእንግሊዝ አገር እንደ ሊዮን ሮዝልሰን ያሉ የሕዝብ ዘፋኞች በጊታር ፖለቲካ ሲዘፍኑ ኖረዋል። ሮዝልሰን፣ በ1649 እ.ኤ.አ. የጋራውን መሬት ለድኻ እናርሳለን ብለው ስለተነሡ ሰዎች ገጠመ፤ ቢሊ ብራግ በ1985 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዘፍኖ ለአዲስ ትውልድ አደረሰው። መሬት ላራሹ ሲባል ላደገ ኢትዮጵያዊ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ የሮዝልሰን ስም በሸክላው ላይ መታተሙ ነው፤ ሌላው ዘፈኑን ሲወስድ የገጠመው እሱ መሆኑ ይጻፋል። የፋርጣ ወይም የእስቴ አዝማሪ ግጥም ግን ገበያ ላይ ከተሰማ በኋላ «የሕዝብ» ይባልና ባለቤቱ ይረሳል።

በከተማ የሙያው መልክ ተለወጠ። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር ማሲንቆን መድረክ ላይ አወጣ። ዘፋኝ «አርቲስት» ተባለ፤ አደጋው ግን አብሮት መጣ። ጥላሁን ገሠሠ የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ድምፃዊ በመሆኑ ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ታስሯል። በደርግ ዘመን ኪነት ቡድን በየአውራጃው ሲቋቋም፣ የሚዘፈነው አስቀድሞ የሚታወቅ ሆነ፤ «ተቀበል» የሚለው ከቀበሌ እንጂ ከታዳሚ አልነበረም። ከደርግ በኋላ የሰዓት እላፊው ሲነሣ፣ በአዲስ አበባ ካዛንችስ አዝማሪ ቤቶች ፈሉ። ብዙዎቹ ከጎንደር አገር የመጡ ልጆች ነበሩ፤ ከዚያ በፊት በሹክሹክታ የሚወራው በማሲንቆ ይሰማ ጀመር። የዚያ ዘመን ድምፅ ኢትዮፒክስ በተባለው የሲዲ ተከታታይ ሁለተኛ ቅጽ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ከቤቶቹ ሁሉ ስመ ጥሩ ፈንድቃ ግን በ2017 ዓ.ም. ካዛንችስ ሲፈርስ አብሮ ፈረሰ።

የቴዎድሮስም ነገር ከዘፈን አልወጣም። ቴዲ አፍሮ በ1997 ዓ.ም. «ያስተሰርያል» በሚለው አልበሙ ፖለቲካን በግልጽ ነካ፤ በ2009 ዓ.ም. በወጣው «ኢትዮጵያ» ደግሞ ለንጉሡ ዘፈነላቸው። ጣቢቡን ያስገደለው ሰው የዘፋኝ ጀግና ሆነ። ጣቢቡን ያስታወሰ ዘፋኝ ግን እስካሁን አልተሰማም።

ስለ አዝማሪ የተጻፈ ነገር የለም ማለት አይቻልም። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትን በመጀመሪያ የመሩት አሸናፊ ከበደ በ1975 እ.ኤ.አ. ጥናት አሳትመዋል፤ ጃፓናዊው ኢትሱሺ ካዋሴ የጎንደርን አዝማሪ ልጆች በፊልም ቀርጿል። የጎደለው የአገር ቤቱ ሥራ ነው። በፋርጣ፣ በእስቴ፣ በጋይንት፣ በስማዳ፣ በሊቦ ከምከም የአባታቸውንና የአያታቸውን ግጥም በቃላቸው የያዙ ሽማግሌ አዝማሪዎች አሉ። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ደጃቸው ላይ ነው፤ መቅረጫም በየተማሪው ኪስ አለ። ግጥሙ ሲቀዳ የገጣሚው ስም፣ የተወለደበት ቀበሌ፣ ግጥሙን ለማን እንዳለና ምን እንደደረሰበት አብሮ ይጻፍ። ይህን የሚያደርግ የታሪክ ወይም የሥነ ጽሑፍ ክፍል ተማሪ ካለ፣ ከሽማግሌዎቹ ይጀምር፤ ነገ አይባልም።