በዓል በበር ይገባል

በዓል መቼ ይገባል ተብለን ብንጠየቅ ብዙዎቻችን ጣታችንን በግድግዳ ላይ ወደ ተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ መቀሰራችን አይቀርም። ቀኑ በቀይ ከተጻፈ በዓል ነው፤ በጥቁር ከተጻፈ ትምህርት አለ። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ቀኑን የሚወስን አንድ ነው፤ በዓሉን ከደጅ አንሥቶ ወደ ቤት የሚያስገባው ደግሞ ሌላ ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ ልንመለከት የፈለግነው ይህንን ሁለተኛውን፣ ማለትም በየቤቱ እየዞሩ በር የሚያንኳኩትን ልጆች ነው።

ከቅርባችን እንጀምር። ሐዋሳ በከተማነት የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ቢሆንም የሐይቁ ዳርቻ ከዚያ በፊት ባዶ አልነበረም። የሲዳማ ሕዝብ የኖረበትና ዘመኑን የቆጠረበት አገር ነው። የዘመን መለወጫው ፊጬ ጫምባላላ በየዓመቱ በአንድ ቀን የሚውል በዓል አይደለም። አያንቶ የሚባሉት አዋቂዎች ጨረቃንና ከዋክብትን አይተው፣ ዲቆ፣ ዴላ፣ ቃዋዶና ቃዋላንካ በተባሉት የአራት ቀን ሳምንት ዕለቶቻቸው አስልተው ይወስናሉ፤ ውሳኔውም ለጎሳዎቹ ይነገራል። በዚህም የተነሣ በዓሉ አንድ ዘመን በክረምት፣ ሌላ ዘመን በበልግ ሲውል እናያለን።

ታሪኩ ሲነገር የሚጀምረው ከአንዲት ሴት ነው። ፊጬ የተባለች የሲዳማ ሴት ከተዳረች በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ወላጆቿንና ዘመዶቿን ልትጠይቅ ትመጣለች። ባዶ እጇን አትመጣም፤ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራ ቡርሳሜ ይዛ ትመጣለች። ጎረቤት ተጠርቶ አብሮ ይበላል። ልብ በሉ፤ የዘመን መለወጫው ሥር ንጉሥ የነገሠበት ወይም ጦር ድል ያደረገበት ቀን አይደለም። አንዲት ሴት የአባቷን ደጅ የረገጠችበት ቀን ነው። ዛሬም በመጀመሪያው ቀን ልጆች «አይዴ ጫምባላላ!» እያሉ ከቤት ቤት ይዞራሉ፤ የደረሱበት ቤት ሁሉ ቡርሳሜ ያቀርብላቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። እንሰት እንደ ጤፍ ወይም እንደ ስንዴ የአንድ ወቅት መኸር የለውም፤ ከደረሰ በኋላ በፈለጉት ወር ይፋቃል፣ ቆጮውም ጉድጓድ ውስጥ ይቆያል። ታዲያ ቀኑ ከወር ወር የሚዘዋወር በዓል ምግቡን ከእንሰት ማድረጉ እንዲያው በአጋጣሚ አይመስለንም። አያንቶዎቹ የትኛውንም ቀን ቢመርጡ ለሕፃናቱ የሚቀርበው አይጠፋም።

ወደ ቡሄ እንለፍ። ቡሄ ቀኑ የታወቀ ነው፤ ነሐሴ 13፣ የደብረ ታቦር በዓል። ከየአገሩ መጥተው ሐዋሳ የሰፈሩ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ብቻ ይዘው አልመጡም፤ ጅራፉን፣ ችቦውንና ሆያ ሆዬውንም ይዘው መጥተዋል። ወንዶቹ ልጆች ዱላቸውን መሬት ላይ እየደቁ፣ አንዱ እያወረደ ሌሎቹ እየተቀበሉ የቤቱን ጌታና እመቤት ያወድሳሉ፤ ሙልሙል ዳቦ ይሰጣቸዋል፤ መርቀው ይሄዳሉ። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ በእንቁጣጣሽ ተራው የሴቶቹ ልጆች ነው። በትውፊት እንደሚነገረው እረኞች በታቦር ተራራ በታየው ብርሃን ቀን መስሏቸው እዚያው ሲቆዩ፣ ወላጆቻቸው ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ሊፈልጓቸው ወጡ። ሙልሙሉና ችቦው ከዚያ መጣ ይባላል። እንግዲህ ነሐሴ ማለት ጎተራው የሚራቆትበት፣ አዲሱ እህል ገና ማሳ ላይ ያለበት ወር ነው። በዚህ ወር ለሰው ልጅ ዳቦ መስጠት ከተረፈ ላይ መቁረስ አይደለም፤ ካለው ላይ መካፈል ነው።

ይህ ልማድ የእኛ ብቻ ነው ብለን እንዳንኮፈስ ራቅ ብለን ወደ ሩማንያ እንመልከት። እዚያ ክረምት ማለት ዝናብና ጭቃ ሳይሆን በረዶና ረጅም ሌሊት ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 20፣ በቅዱስ ኢግናት ቀን፣ ገበሬው አሳማውን ያርዳል። በልደት ዋዜማ ደግሞ አስቀድመው ተሰባስበው የተለማመዱ ወጣቶች ኮሊንዳ የሚባለውን ዜማ እየዘፈኑ ከቤት ቤት ይዞራሉ። ዜማው እንደ ባለቤቱ ኑሮ ይለዋወጣል፤ ላላገባች ልጃገረድ ደግሞ ለብቻዋ የሚዘፈን አለ። ባለቤቱም ኮላክ የሚባል ክብ ዳቦና ገንዘብ ይሰጣቸዋል። የሙዚቃ ሊቁ ቤላ ባርቶክ እነዚህን ዜማዎች ከገበሬው አፍ ሰብስቦ በ1935 እ.ኤ.አ. በቪየና አሳትሟል። ከእነዚያ በአንደኛው ዘጠኝ ወንድማማቾች ለአደን ወጥተው አጋዘን ሆነው ይቀራሉ። አባትየው ወደ ቤት ተመለሱ ብሎ ቢለምናቸው፣ ቀንዳችን በበሩ አያልፍም ብለው ይመልሱለታል። በየበሩ ቆሞ የሚዘፈን ዜማ በበር ማለፍ ስላቃታቸው ልጆች ሲናገር ትንሽ ያስደነግጣል።

አሁን አንድ የሚቆረቁር ጥያቄ እናንሳ። ይህ ሁሉ ልመና አይደለምን? አንዳንድ ሰዎች ልጆቻቸውን «ሰው ቤት ሄዳችሁ አትለምኑ» እያሉ ሲከለክሉ እንሰማለን። መልሱን ከራሱ ከፊጬ እናገኘዋለን። በዚህ በዓል የጎሳ መሪዎች ሕዝቡን ከሚመክሩት መካከል ሥራን ውደድ፣ ሽማግሌን አክብር፣ አገር በቀል ዛፍ አትቁረጥ፣ በሐሰት አትመስክር፣ አትስረቅ የሚል ይገኛል፤ አትለምን የሚልም አለበት። እንግዲህ ልመናን የሚያወግዘው በዓልና ልጆችን ወደየጎረቤቱ የሚልከው በዓል አንድ ነው! ለማኝ የሚቀበለው ስለሌለው ነው። ልጁ የሚቀበለው ግን ዓመቱን ይዞ ስለመጣ ነው። ሰላምታ ሰጥቷል፤ አወድሷል፤ መርቋል። ዳቦው ምጽዋት ሳይሆን ምላሽ ነው።

ልማዱ ጉልበት እንዳለው ደግሞ ታሪክ ይመሰክራል። በሩማንያ የኮሙኒስቱ መንግሥት ሥልጣን ከጨበጠ በኋላ የልደት ቀን እንደ ማንኛውም የሥራ ቀን እንዲውል ሆነ፤ የገና አባትም ቀርቶ «የውርጭ ሽማግሌ» የሚባል በቦታው ተተካ። መንግሥቱ በታኅሣሥ 1989 እ.ኤ.አ. ሲወድቅ ሽማግሌው አብሮት ወደቀ፤ ኮሊንዳ ግን በየመንደሩ ነበር። የእኛም አገር ከዚህ የራቀ አይደለም። በደርግ ዘመን መስከረም 2 የአብዮት በዓል ነበር፤ በአደባባይ ሰልፍና በባንዲራ ይከበር ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲሄድ በዓሉም ሄደ። ቡሄ ግን ማንም ሳያውጅለት ነሐሴ በመጣ ቁጥር ይመጣል። ያኛው አደባባይ ነበረው፤ በር ግን አልነበረውም።

ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። ፊጬ ጫምባላላ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል፤ የሩማንያና የሞልዶቫ ኮሊንዳም ከእርሱ ሁለት ዓመት ቀድሞ ገብቷል። ደስ የሚያሰኝ ነው። በጉዱማሌ የሽማግሌዎቹን የቄጣላ ዜማ መስማትም ሰውነትን የሚነዝር ነገር ነው። አደባባዩን አንቃወምም። ነገር ግን በከተማችን የግቢው አጥር ከፍ እያለ፣ በሩም ከቆርቆሮ ወደ ብረት እየተለወጠ ነው። ልጆች ሲመጡ ዘበኛው «ሰው የለም» ይላቸዋል። ወይም ደግሞ ገና አንድ ስንኝ ሳያወጡ በበሩ ቀዳዳ ብር ይቀበሉና «በሉ ሂዱ» ይባላሉ። ብር መሰጠቱ አይደለም የሚከፋው፤ ሩማንያውያኑም ገንዘብ ይሰጣሉ። የሚከፋው ምርቃቱን ሳይሰሙ መስጠት ነው። ያን ጊዜ ልጁን ለማኝ ያደረግነው እኛው ነን።

ስለዚህ ጓደኞቻችን ሆይ፣ በመጪው ዕረፍት ወደየቤታችን ስንበተን ሁለት ነገር እናድርግ። አንደኛ፣ አያቶቻችን በልጅነታቸው በር ላይ ምን እያሉ እንደዘፈኑ፣ ምን እንደተሰጣቸው ጠይቀን በደብተራችን እንጻፍ፤ ሲዳማው የሲዳማውን፣ ጎጃሜው የጎጃሙን፣ ወላይታው የወላይታውን። ሁለተኛው የሚቀል ይመስላል፤ ግን ዋናው እርሱ ነው። ልጆች መጥተው ሲያንኳኩ ተነሥተን እንክፈት፤ ዘፍነው እስኪጨርሱም በሩ ላይ እንቁም።