«የጀርመን» በረሮ ሀገሯ የት ነው?

እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ብርዳም ከተማ ናት። ዳንግላም ብትሆን ሞቃት አትባልም። በረሮ ደግሞ ሙቀት ትወዳለች። ታዲያ በዚህ ደጋ አንዲት በረሮ ከምድጃው ሥር ሹልክ ስትል ብታዩ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን አመጣት?» ነው። መልሱም ሩቅ አይደለም፤ ጎረቤት! በአንድ ግቢ ተከራይቶ ለኖረ ሰው በረሮ ሁልጊዜም የጎረቤት ናት።

ይኼ ጣት መቀሳሰር የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1767 ለዚህች ተባይ ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣላት «የጀርመን» አላት። ሩሲያውያን «ፕሩሳክ» (የፕሩሲያ ሰው እንደማለት) ይሏታል። ጀርመኖች በበኩላቸው «ሩሲያዊ» ብለዋታል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ የዘረመል ጥናት ግን ሁለቱንም ነጻ አወጣ። በረሮዋ ከ2,100 ዓመታት ገደማ በፊት በህንድ ወይም በምያንማር አካባቢ ከእስያ በረሮ ተለይታ ከሰው ጋር መኖር ጀመረች። ከ1,200 ዓመታት ገደማ በፊት በኡመያዶችና በአባሲዶች ዘመን ንግድና ዘመቻ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ተሻገረች። አውሮፓ የገባችው ከ270 ዓመታት ገደማ በፊት ነው። የሄደችው ሁሉ በሰው ጓዝ ውስጥ ተደብቃ ነበር።

እኛስ ዘንድ? ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2006 እስከ መጋቢት 2007 በአዲስ አበባና በዝዋይ (ባቱ) 6,480 በረሮዎች በወጥመድ ያዙ። በሞቃቷ ዝዋይ አራት ዓይነት ዝርያ ተገኘ። በአዲስ አበባ የተያዙት 2,240 ግን አንድም ሳይቀር «ጀርመን» ነበሩ። አሜባና የወስፋት እንቁላል ተሸክመውም ተገኝተዋል። እንግዲህ በእንጅባራና በዳንግላም ቀድማ የምትጠረጠረው እሷው ናት። ብርዱን ስለምትችል አይደለም፤ ሙቀቱን ከኛው ኩሽና ስለምትበደር ነው።

መለየቱ ቀላል ነው። ርዝመቷ ከ1.1 እስከ 1.6 ሴንቲ ሜትር ነው። መልኳ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ሲሆን ከራሷ ኋላ ሁለት ጥቋቁር ሰረዞች አሏት። ክንፍ አላት፤ መብረሩ ግን አይሆንላትም። ሴቷ ከ30 እስከ 40 እንቁላል የያዘ ከረጢት አንጠልጥላ፣ ሊፈለፈል እስኪቃረብ ሦስት አራት ሳምንት ይዛው ትዞራለች። የተፈለፈሉት ስድስት ጊዜ ያህል ቆዳቸውን ገፈው፣ ሙቀት ካገኙ በሁለት ሦስት ወር ለአካለ መጠን ይደርሳሉ።

አሁን ነገሩን ወደ ግቢያችን እንመልሰው። ፍሊት ስትነፉ እናቲቱ ብትሞት እንኳ ከከረጢቱ ውስጥ ያሉት ሊተርፉ ይችላሉ። መርዙንም ትለምደዋለች፤ ክሎርዴን የተባለው መርዝ የማይበግራት ዘር እ.ኤ.አ. በ1952 ቴክሳስ ውስጥ ኮርፐስ ክሪስቲ ላይ ተገኝቷል። አንዱ ተከራይ ብቻውን ቢነፋ ደግሞ በረሮዋ በስንጥቁ አልፋ ወደሚቀጥለው ክፍል ትሄዳለች። ያኔ ጎረቤትም በተራው «እናንተ አመጣችሁብን» ይላል።

ስለዚህ «ማን አመጣት?» የሚለውን ለሊኒየስ ዘመን ሰዎች እንተውላቸውና «ምን አበላት? የት አሞቃት?» እንበል። ምግብ መክደን፣ ማታ ፍርፋሪ መጥረግ፣ የሚንጠባጠብ ቧንቧ መጠገን፣ ከሱቅ የመጣ ካርቶንን አራግፎ ማስገባት፣ ስንጥቅ መድፈን። ይኼን ደግሞ ግቢው በሙሉ በአንድ ቀን ተነጋግሮ ያድርገው፤ ከወር በኋላም ይድገመው። ከረጢት ውስጥ የተረፉት የሚወጡት ያኔ ነውና።