ዲኤክስ እንዴት ባንክ ሆነች?

ሀዋሳ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ አንድ ጋራዥ አለ። ጋራዥ ይባል እንጂ ከቆርቆሮ አጥርና ከአንድ ትልቅ የግራር ጥላ በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር የለውም። ባለፈው ክረምት በዚያ ጥላ ሥር ሁለት አውቶሞቢሎች ጎን ለጎን ቆመው ነበር። አንዷ ሕዝቡ «ዲኤክስ» እያለ የሚጠራት ነጭ ቶዮታ ኮሮላ ናት። ሌላው ግራጫ የአውሮፓ የቅንጦት መኪና ሲሆን ጎማዎቹ ወልቀው በድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ የፋብሪካውን ስም መጥራት አያስፈልግም። ዲኤክሷ ጠዋት ገብታ ከቀትር በኋላ ተነሥታ ሄደች። ግራጫው ግን ከቆመ ስድስት ወር አልፎት ነበር።

ግራጫው መኪና የአጎቴ ነበር። አጎቴ ካረፉ ወዲህ ቤተ ዘመዱ በዚህ መኪና ምክንያት ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ ወገን «ወርቅ ጭቃ ላይ ቢወድቅም ያው ወርቅ ነው፤ ይጠገን» ይላል። ሌላው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያለ ይሸጥ ባይ ነው። ደላላው የጠራው ዋጋ ደግሞ ነገሩን አባባሰው። ደላላው ለግራጫው መኪና የሰጠው ዋጋ ከጎኑ ከቆመችው፣ በዕድሜ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ከምትበልጠው ዲኤክስ ያነሰ ነበር።

ለመሆኑ ከፋብሪካ ሲወጣ የእርሷን ብዙ እጥፍ ያወጣ የነበረ መኪና እንዴት ከእርሷ በታች ሊሆን ቻለ? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ግድ ይላል።

ታሪካችን ከቤተ መንግሥት ይጀምራል። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሊ፣ ሲድሊ የተባለችውን መኪና የመኪና መንገድ ባልተጠረገበት አገር እየነዳም እያስጎተተም አዲስ አበባ አስገባ። ዳግማዊ ምኒልክም ወደዷት። በዚያ ዘመን ግን «ተራ» እና «የቅንጦት» ተብሎ የሚለይ መኪና አልነበረም። ነዳጁም፣ ጎማውም፣ መካኒኩም ከባሕር ማዶ የሚመጣ በመሆኑ ማናቸውም መኪና የንጉሥ ዕቃ ነበር። ወጪውን የሚችለው ቤተ መንግሥት ብቻ ነውና።

መኪናን ከቤተ መንግሥት አውጥቶ መንገድ ላይ የጣለው የጣሊያን ወረራ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያኖች ለጦራቸው ሲሉ መንገድ ጠረጉ፤ የጭነት መኪናዎቻቸውን አስገቡ፤ በየከተማውም ጋራዥ ከፈቱ። ወራሪው ሲባረር ቋንቋው ጋራዥ ውስጥ ቀረ። መኪና የሚለው ቃል ራሱ የእነርሱ ነው። ፍሬን፣ ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ካቻቢቴ፣ ታርጋና ቦሎ ሁሉ ከዚያው የመጡ ናቸው። አንድ የሀዋሳ ልጅ ጣሊያን አገርን በካርታ እንኳ ሳያይ ቀኑን ሙሉ ጣሊያንኛ እያወራ ይውላል ማለት ነው። ይህ ለጨዋታ ያህል የተነሣ አይደለም። ቃሉ የቀረው እጁ ስለቀረ ነው። ከጣሊያኑ የተማረው ረዳት ሌላውን ረዳት አስተማረ፤ ያም ሌላውን። የአገራችን የመኪና ዋጋም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በእነዚህ እጆች ላይ ቆመ።

ከነጻነት በኋላ የመጡት መኪኖች እጁ የለመዳቸው ነበሩ። «ሰይቼንቶ» እየተባለች በታክሲነት አዲስ አበባን ያጥለቀለቀችው ፊያት 600 ለዚህ ዋና ምስክር ናት። ቮልስዋገንም መጣች። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የምትቀዘቅዘውም በአየር ነው። ራዲያተር የሌላት መኪና ደግሞ አቀበት ላይ ውሃዋ አይፈላም። ከስምጥ ሸለቆ ተነሥቶ ወደ ደጋ ለሚወጣ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሹማምንቱና ባለጠጎቹ ማርቸዲስና ፔዦ ሲነዱ፣ መምህሩና ነርሱ ቮልስ ይገዙ ነበር።

ሀዋሳም የተቆረቆረችው በዚሁ ዘመን፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ራስ መንገሻ ሥዩም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ገዢ በነበሩበት ጊዜ ነው። ከሐይቁ ዳር በሜዳ ላይ፣ በፕላን፣ ሰፋፊ ጎዳና ተዘርግቶላት የተወለደች ከተማ ናት። በኋላም የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማነት ከይርጋለም ወደ እርሷ ዞረ። ነገር ግን ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። መርካቶ የሌለ መለዋወጫ ሀዋሳም የለም፤ መርካቶ ያለው ደግሞ በአውቶቡስ ተጭኖ በሞጆ፣ በዝዋይና በሻሸመኔ አልፎ ነው የሚደርሰው። የሀዋሳ ሰው መኪና ሲገዛ ይህን መንገድም አብሮ ይገዛል።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. የሆነውን ማንም አይረሳውም። ሮልስ ሮይሱና ማርቸዲሱ በግቢያቸው ሞልቶ የነበረው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው በቮልስዋገን ተወሰዱ። ቮልስዋገን በጀርመንኛ «የሕዝብ መኪና» ማለት ነው። ደርግ ትርጉሙን አስቦበት ይሁን አይሁን፣ ያየው ሰው ሁሉ ግን መልእክቱ ገብቶታል። የመኪና ማዕረግ ምን ያህል የሰው ማዕረግ ሆኖ እንደኖረ ከዚያች ቀን የበለጠ የሚያሳይ የለም።

ደርግ ከሶቪየት ኅብረት ላዳን አመጣ። ላዳ እንግዳ ትምሰል እንጂ እንግዳ አልነበረችም። ፊያት እ.ኤ.አ. በ1966 ከሶቪየት መንግሥት ጋር ተዋውሎ በቶልያቲ ከተማ ፋብሪካ ሲተከል፣ የላዳ እናት የሆነችው ፊያት 124 ነበረች። ስለዚህ ፊያትን ያወቀ መካኒክ ላዳን ለማወቅ አዲስ ትምህርት አላስፈለገውም። ላዳ ከደርግ መውደቅ በኋላም ለብዙ ዓመታት ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ በታክሲነት የኖረችው ስላማረች አይደለም፤ ማንም ሰው መንገድ ዳር ሊፈታትና ሊገጥማት ስለሚችል ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ገበያው ተከፈተ፤ ያገለገሉ ቶዮታዎችም ጎረፉ። ዲኤክስ የነገሠችው ያኔ ነው። የሚያስቀው ነገር «ዲኤክስ» የሚለው ምልክት «ዴሉክስ» ማለት መሆኑ ነው፤ በእኛ አገር የተራ መኪና ሁሉ እናት የሆነችው በስሟ የቅንጦት መኪና ነበረች!

የዲኤክስን ዙፋን ያጸኑት ሦስት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ቀረጥ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ መኪናን የሚመዝነው በሞተሩ መጠን ነበር። እስከ 1300 ሲሲ 30 በመቶ፣ እስከ 1800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለሆነው 100 በመቶ ይከፈል ነበር። የቅንጦት መኪና ገና ጉምሩክ በር ላይ ሳለ ዋጋው ይቆለላል ማለት ነው፤ ገበያ ሲወጣ ግን ያን ቀረጥ የሚመልስለት ገዢ አያገኝም።

ሁለተኛው ጥገና ነው። እስቲ በዕቃው እንቁጠር። ባለ 1300 ሲሲዋ የድሮ ኮሮላ አራት ሲሊንደርና አራት ካንዴላ አላት፤ አራት ሊትር የማይሞላ ዘይት ይበቃታል። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በማርቸዲስ ላይ የተገጠመው ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ሞተር ግን ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ሁለት፣ በድምሩ አሥራ ሁለት ካንዴላ አለው፤ ዘይቱም ወደ ስምንት ሊትር ይጠጋል። ይህ ጥሩ አድርጎ የመሥራት ውጤት እንጂ ጉድለት አይደለም። ሆኖም በእያንዳንዱ ሰርቪስ ሒሳቡ ሁለትና ሦስት እጥፍ ሆኖ ይመጣል። በዚያ ላይ የዲኤክስ ዕቃ በየደረጃው ይገኛል። አቅም ያለው ኦሪጂናሉን፣ የሌለው ኮፒውን፣ ጨርሶ ያጣ ደግሞ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለውን ይገዛል። ለቅንጦቱ መኪና ግን ብዙ ጊዜ ምርጫው ኦሪጂናሉ ወይም ባዶ እጅ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እንደተባለው ነው።

ሦስተኛው ብሩ ነው። በ1985 ዓ.ም. አንድ ዶላር ከ2 ብር ከ07 ሳንቲም ወደ 5 ብር ወጣ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በመካከሉም ብሩ መውረዱን አላቆመም። ስለዚህ ዲኤክሱን ከአሥር ዓመት በኋላ ከገዛበት በላይ የሸጠ ሰው «አተረፍኩ» ቢልም፣ እውነቱ መኪናዋ አለመወደዷና ብሩ መርከሱ ነው። በሌላው ዓለም መኪና በየዓመቱ ዋጋውን ይጥላል፤ የቅንጦቱማ በጥቂት ዓመታት ግማሹን ያህል ያጣል። በእኛ አገር ግን ሕዝቡ ገንዘቡን ከባንክ ይልቅ ቆርቆሮ ውስጥ ማኖር መረጠ። ቶሎ የምትሸጥ፣ ማንም የሚጠግናት መኪና ደግሞ ከሁሉ የተሻለች ባንክ ሆነች።

ይህን ሁሉ ለባለ ጋራዡ አዛውንት መካኒክ ስነግራቸው እየሳቁ ሰሙኝ።

«ልክ ነህ ልጄ» አሉ፤ «ግን ስሙን አትመልከት። የድሮው ማርቸዲስ፣ መቶ ሃያ ሦስት የምንለው፣ ከዲኤክስም ይሻላል። እኔ በካቻቢቴና በኪያቤ ፈትቼ እገጥመዋለሁ።»

«ታዲያ የአጎቴ መኪናስ፣ ጋሼ?»

«የእርሱ በሽታ በኮምፒውተር የሚነበብ ነው። እኔ ደግሞ ያንን አላነብም።»

ሽማግሌው እውነት አላቸው። መቶ ሃያ ሦስት የሚባለው ማርቸዲስ እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1985 ድረስ 2.7 ሚሊዮን ያህል የተመረተ፣ በጀርመን አገር የታክሲ ነጂዎች መኪና የነበረ ነው። በእኛ ዘንድ የሚኒስትር የነበረው በእነርሱ ዘንድ የታክሲ ነበር ማለት ነው! እንግዲያው መኪናን ውድ የሚያደርገው ቅንጦቱ ብቻ አይደለም፤ ከሚጠግነው እጅ የራቀበት ርቀትም ነው።

እስከዚህ ድረስ ሒሳቡ ሁሉ ለዲኤክስ ያደላል። እኔም «ይሸጥ» ከሚለው ወገን ነበርኩ። አጎቴ ያን መኪና የገዙት ለታይታ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ቡና ላይ አክስቴን «ለመሆኑ ምን ነክቷቸው ነው ይህን መኪና የገዙት?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

አክስቴ ሲኒውን አስቀመጡ። «ጓደኛው በሻሸመኔ መንገድ የሞተ ጊዜ አስከሬኑን ከመኪናው ውስጥ ያወጣው እርሱ ነው» አሉ። «መሪው ደረቱን ብሎት ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ያ ከፊት የሚነፋው ከረጢት ያለበት መኪና ካልገዛሁ ብሎ ያስቸገረኝ። ልጆቹን ይዤ የምሄድበት ነው አለ።»

በቆጠርኩት ሒሳብ ውስጥ ይህ አልነበረም። ማርቸዲስ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለውን ፍሬን እ.ኤ.አ. በ1978፣ የአየር ከረጢቱን ደግሞ በ1981 በትልልቅ መኪኖቹ ላይ መግጠም ጀመረ። ቮልቮም እ.ኤ.አ. በ1959 ኢንጂነሩ ኒልስ ቦህሊን የሠራውን በሦስት ቦታ የሚያዝ ቀበቶ ሌሎች ፋብሪካዎች ሁሉ እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። ለቅንጦት መኪና የሚከፈለው ገንዘብ ለቆዳ ወንበርና ለስም ብቻ የሚከፈል አልነበረም፤ ከፊሉ ለደረት አጥንት የሚከፈል ነው። እኛ ግን ለአርባ ዓመት አሮጌ መኪና ሚሊዮን ስንከፍል የምንጠይቀው «ነገ ስንት ይሸጣል?» ብለን እንጂ «ብንጋጭ ማን ይተርፋል?» ብለን አይደለም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንዲሉ፣ ርካሹ ጥገና ይህን ጥያቄ አስረስቶናል።

አሁን ደግሞ ዘመኑ ሌላ ገጽ ገልጧል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ የለውም፣ የሞተር ዘይት የለውም፣ ፍሪሲዮን የለውም፣ ማርሚታ የለውም። ከጣሊያን የወረስነው መዝገበ ቃላት ግማሹ ሊቀር ነው። የሰርቪሱ ወጪ ይቀንሳል፤ ባትሪው ሲደክም ግን ማን ያየዋል? መኪናው አዲስ ቢሆንም ጥያቄው ያው የድሮው ነው።

የአጎቴ መኪና በመጨረሻ ተሸጠ። የገዛው ኮምፒውተሩ ያለው አንድ የአዲስ አበባ ጋራዥ ነው፤ በጭነት መኪና ጭኖ ወሰደው። አክስቴ በገንዘቡ ዲኤክስ እንዲገዙ ብንመክራቸውም እምቢ አሉ። ከተማ ውስጥ በባጃጅ ይሄዳሉ፤ ሻሸመኔ የሚያደርስ ጉዳይ ሲገጥማቸው ደግሞ ከመሳፈራቸው በፊት ሾፌሩን «ቀበቶው ይሠራል?» ብለው ይጠይቃሉ።

ሰሞኑን በዚያ ጋራዥ በኩል ሳልፍ፣ ግራጫው መኪና በነበረበት የግራር ጥላ ሥር አንድ የኤሌክትሪክ መኪና ቆሞ አየሁ። አንድ ወጣት ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከመኪናው ጋር በሽቦ አገናኝቶታል። ሽማግሌው መካኒክ መነጽራቸውን አድርገው፣ ከወጣቱ ትከሻ በላይ ጎንበስ ብለው ያነባሉ።