ቦኬ፦ የፎቶግራፍ የጀርባ ብዥታና ጥራቱ

ቦኬ በፎቶግራፍ ሙያ ከትኩረት ውጭ የኾነው የምስል ክፍል የሚኖረው የብዥታ ጥራት ነው። ቃሉ ብዥታ የሚል ትርጉም ካለው የጃፓን ቃል የተወሰደ ሲኾን እ.አ.አ በ1997 አንድ የአሜሪካ የፎቶግራፍ መጽሔት በጉዳዩ ላይ ጽሑፎችን ካወጣ በኋላ በሌላውም ዓለም ተለምዷል።

የብዥታ መጠንና ጥራት የተለያዩ ናቸው። መጠኑን የሚወስኑት የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት፣ የትኩረት ርዝመቱ፣ ካሜራው ከተነሺው ያለው ርቀት እንዲሁም ተነሺው ከጀርባው የራቀበት ልክ ናቸው። ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በኤፍ 1.8 ሲከፈት የቀዳዳው ስፋት 28 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በኤፍ 8 ግን ወደ 6 ሚሊ ሜትር ይጠብባል፤ ጀርባውም ይበልጥ ጎልቶ ይታያል።

ጥራቱን የሚወስነው በዋናነት የሌንሱ አሠራር ነው። በአዲስ አበባ ሃያ ሁለት ማዞሪያ አካባቢ ምሽት ላይ ሰው ፎቶ ሲነሳ ከጀርባው ያለው እያንዳንዱ የመኪናና የሱቅ መብራት ወደ ክብ ብርሃን ይቀየራል። የክቡ ጠርዝ ለስላሳ ከኾነ ጀርባው ዓይን አይስብም። ጠርዙ ከመሐሉ ይልቅ የሚያበራ ከኾነ ግን ጀርባው ይረብሻል። የቀዳዳው ምላጮች ቀጥ ያሉ ከኾኑ ክቡ ባለብዙ ማዕዘን ይኾናል። በምስሉ ዳርቻ ደግሞ እንደ ድመት ዓይን ይሞልላል።

የእጅ ስልኮች ሌንስ ትንሽ በመኾኑ ብዥታውን በአብዛኛው የሚፈጥሩት በስሌት ነው። አፕል ይህን አገልግሎት በአይፎን 7 ፕላስ ያስተዋወቀው እ.አ.አ በ2016 ነበር። ስሌቱ የሰውን ጠርዝ ሲለይ ስለሚሳሳት የአፍሮ ጸጉር ዳር፣ የሹሩባ ጫፍና ስስ የነጠላ ጠርዝ ከጀርባው ጋር ተቀላቅለው ሊጠፉ ይችላሉ።

ብዥታ ፊትን ሲያጎላ ቦታን ይሰውራል። የአዲስ አበባ ሠፈሮች በግንባታና በኮሪደር ልማት ገጽታቸው በፍጥነት እየተለወጠ ነው። በሠርግ ወይም በምረቃ ፎቶ ከሙሽራዋ ወይም ከተመራቂው ጀርባ የደበዘዘው አጥርና ሱቅ ከዓመታት በኋላ በቦታው ላይገኝ ይችላል። በሌንስ የደበዘዘን ዝርዝርም በኋላ በታማኝነት መመለስ አይቻልም። በመኾኑም ቦታው ትርጉም ካለው በሰፊ ቀዳዳ ከሚነሳው ምስል ጎን ለጎን በኤፍ 8 ወይም በኤፍ 11 አንድ ተጨማሪ ፎቶ ማንሳት ይመከራል።